ከዚሩ ሥር ያለው ሪሃን

ውሃ የነካው የሪሃን ሽታ ሲመጣብኝ የያዝኩትን ካቻቢቴ አስቀምጣለሁ። ሪሃን የምልህ አንተ በሶብላ የምትለውን ነው፤ ቃሉ የባለቤቴ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ ይህ ሽታ ሥራ ያስፈታኛል። እኔን ሥራ የሚያስፈታኝ ነገር ደግሞ ብዙ አይደለም።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገርህ። ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ ስመጣ ጢሜ ገና ማጎንቆል ሲጀምር ነበር። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደሉንም ሞተሩንም ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ፤ ፊደሉን ከዘይት ቆርቆሮ ላይ እያነበብኩ፣ ሞተሩን እየፈታሁና እየገጠምኩ። ከአሶሳ እስከ ባምባሲ ወፍጮ ሲቆም ባለቤቱ የሚልከው ወደ እኔ ነበር። ሞተሩን ሳልነካ፣ በጆሮዬ ብቻ ሰምቼ ሕመሙን እናገራለሁ። ይህን የምልህ ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

እሷንም ያገኘኋት ወፍጮ ቤት ነው። ከሱዳን ድንበር ተሻግራ የመጣች፣ ማሽላ አስፈጭታ ዱቄት የምትሸጥ ወጣት ነበረች። ጦርነቱ መንደራቸው ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ በየአቅጣጫው ሲሸሽ፣ ከታናሽ እህቷ ተለያይታለች። አማርኛዋ ገና ስለነበር ሴቱንም ወንዱንም «አንቺ» ነበር የምትለው። የወፍጮውን ቺንጋ፣ ማዞሪያ ቀበቶውን፣ ስቀይር ቆማ አየችኝና፣

«አንቺ እጅ ጎበዝ ነው። ፊት ግን ግሪስ ነው» አለችኝ።

ወረፋ የያዘው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም እልኸኛ ነኝና፣ «ታጥቤ ብመጣ ታገቢኛለሽ?» አልኳት።

«መጀመሪያ ታጠቢ።»

ታጠብኩ።

ቤታችንን የሠራነው ከአሶሳ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ኩርሙክ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ነው። ግድግዳው ገና ሳይመረግ ትልቅ የሸክላ ጋን ገዝታ ከበራችን ፊት፣ ከማንጎው ጥላ ሥር አቆመች። እነሱ ዚር ይሉታል። መንገደኛ ጠጥቶበት ያልፋል፤ ያገሯ ልማድ ነው። ሸክላው ያልበዋል፣ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ጠብታው በሚያርፍበት አፈር ላይ ሪሃን ተከለች። ይህኛው ግን የእናቷ ልማድ ብቻ ነበር።

«መንደር ውስጥ ሌላ ሰው ዚር ሥር ሪሃን አይተክልም» አለችኝ። «እህቴ ካየ ያውቃል።»

ከዚያ ወዲያ ከኩርሙክ በኩል የመጣ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሲጠጣ አጠገቡ ትቆማለች። በበርታ ቋንቋም በአረብኛም ስለ እህቷ ትጠይቃለች። ሰውየው ጣሳውን እየመለሰ ራሱን ይነቀንቃል። ልጆች ወለደችልኝ፣ አዝላ ጠየቀች፤ አደጉ፣ እጃቸውን ይዛ ጠየቀች።

እኔ ደግሞ የሚንጠባጠብ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። አንድ ቀን ገበያ ሄዳ ሳለ ዚሩን ዙሪያውን አረንጓዴ የዘይት ቀለም ለቀለቅኩት። ጠብታው ቀጥ አለ! እንደ አዲስ መኪና አብለጨለጨ። ብዙ ሳይቆይ ግን ውሃው ሞቀ፣ ሪሃኑም አንገቱን ደፋ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ተጎነጨና «ጋሼ፣ ስኳሩስ?» አለኝ።

እሷ አልሳቀችም። መሬት ላይ ተቀምጣ በጠርሙስ ስባሪ ቀለሙን ስትፍቅ አገኘኋት።

«አንቺ መካኒክ፣ ሞተር ጠግኚ። ይሄ አልተበላሸም።»

አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት ፋቅሁ። ከአንገቱ ላይ ያለው አረንጓዴ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። በዚያን ጊዜ አማርኛዋ ተስተካክሎ ሌላውን ወንድ ሁሉ «አንተ» ትል ነበር። እኔን ብቻ «አንቺ» ማለቷን አልተወችም፤ እኔም አላረምኳትም።

ሕመሙ ሲጠናባት መንገዱ እንዲታያት አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዞርኩላት። «ዚሩ ሞልቷል?» ትለኛለች። «ሞልቷል።» «ማን ጠጣ?» የጠጡትን በመልካቸው እነግራታለሁ። ያረፈችው ማንጎው መሬት ላይ በሚረግፍበት ወቅት ነው።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ሚኒባስ ጎማው ተንፍሶ በራችን ላይ ቆመ። ወደ ድንበር የሚሄዱ ሴቶች ወርደው ሊጠጡ መጡ። አንደኛዋ ጣሳውን እንደያዘች፣ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ቅጠሉን በጣቷ አሽታ ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«የዚህ ቤት ሴት የት ነው?»

ድምፁ የሚስቴ ድምፅ ነበር።

እህትየዋ ለዓመታት ባምባሲ፣ ስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነበረች። እኛ ከድንበር የሚመጣውን ስንጠይቅ እሷ ከጀርባችን ነበረች። ባምባሲ! ወፍጮዎቹን እንደ ልጆቼ የማውቅበት ከተማ። ሞተር ሳስነሳ እህል ተሸክማ በአጠገቤ አልፋ ይሆናል። ሞተር ሲያቃስት ሰምቶ የሚለይ ጆሮዬ፣ ያንን ድምፅ አልሰማም።

የቻልኩትን ልንገርህና ልጨርስ። ያለ አስተማሪ ፊደል ቆጠርኩ። ሌላው ተስፋ የቆረጠበትን ወፍጮ አስነሳሁ። ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ አበቃሁ። እህቷን መቃብሯ ድረስ ይዤ ሄድኩ። ዚሩን በየማለዳው እሞላለሁ። ደግሞም፣ የሚያውቀኝ ሰው አያምንም እንጂ፣ ዓይኔ እያየ ሲንጠባጠብ ሳልነካው መቀመጥ ቻልኩ።