የተደበቀችው መልእክተኛ

ልጅ ሳለሁ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን፣ የአባቴ አጎት አባባ ተድላ ምድጃ ዳር ተቀምጠው የሚያወሩልን ተረት የአንበሳና የጦጣ አልነበረም። በጤና ጣቢያ ቁስል እያጠቡ በድሬሰርነት የኖሩ ሰው ስለነበሩ የእርሳቸው መንግሥት የሰው ገላ ነበር። ንጉሡ አንጎል የራስ ቅል ግንብ ውስጥ ይኖራል፤ ዋናው ጎዳና በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ይወርዳል፤ ከዚያ እስከ ጣት ጫፍ በሚደርሱ ቀጫጭን መንገዶች፣ በነርቮች፣ መልእክተኞች ይሮጣሉ።

«እሳት ስትነኪ እጅሽ ንጉሡን ያስፈቅዳል?»

«አያስፈቅድም፣ አባባ!»

«ጎሽ! የአከርካሪው በረኛ ራሱ ፈርዶ ያሸሸዋል። ንጉሡ ወሬውን የሚሰማው ኋላ ነው። የእኔን እግር መልእክተኞች ግን ስኳር ጨርሷቸዋል። ቢቆርጡኝም አላውቅ።»

ይህን የመጨረሻውንም ከተረቱ ቆጠርኩት። አንድ ምሽት፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ኩራዙ ጭል ጭል እያለ፣ እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያወሩ፣ ውሸታቸውን ልይዝ ብዬ በጉጠት ፍም አንሥቼ ወደ ቀኝ እግራቸው አውራ ጣት አስጠጋሁ። እግራቸው ይሸሻል ብዬ ጠበቅሁ። አልሸሸም። ገፋ አድርጌ አስነካሁት። ተረቱ እንኳ አልተቋረጠም።

«ምንድን ነው የሚሸተው? ቆዳ ተቃጠለ እኮ!» አለች እናቴ።

አባባ ቁልቁል አዩ። «ፍም ተፈናጥሮ ነው» አሉ። ጉጠቱን ቀሚሴ ሥር ደብቄ ነበር።

ቁስሉ አልድን አለ፤ ጣቱ ተቆረጠ። በእኛ አገር የድሮ ፈረሰኛ እርካቡን የሚይዘው በእግሩ አውራ ጣት ነው። በጥር ጊዮርጊስ ጉግስ ላይ እስከዚያ ዓመት ራሳቸው ይጋልቡት የነበረውን ፈረሳቸውን ጎረቤት ጋለበው፤ እርሳቸው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አዩ። «እንግዲህ ሥራዬ ከሴቶቹ ጋር እልል ማለት ነው» ሲሉ ሰው ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ተረቱ ውስጥ አንዲት ሰው ገባች፦ እሳቱን አይታ፣ ፈርታ መንገድ ላይ የተደበቀች ትንሽ መልእክተኛ። «ብትመጣ እኮ ንጉሡ አይቆጣትም» ይሉ ነበር፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ፍሙ እያዩ። እኔ እንጨት ላምጣ ብዬ እወጣ ነበር። ሦስት ዓመት ጠበቁኝ፤ ከዚያ ሞቱ።

አሁን እንጅባራ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የነርቭ ምዕራፍ ሲደርስ ንጉሡን፣ ጎዳናውንና በረኛውን እነግራቸዋለሁ፤ ልጆቹ ቶሎ ይገባቸዋል። ትንሿ መልእክተኛ ዘንድ ስደርስ ግን ጠመኔውን አስቀምጬ «መጽሐፋችሁን ግለጡ» እላለሁ።