አባቴ ካርዱ ላይ የሌለበት ሠርግ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... የማህሌት አባት ደውለው እንጦጦ ፓርክ ናና እንገናኝ አሉኝ። ማህሌት ላገባት ብዬ ሽማግሌ የላክሁላት ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ተሾመ ጡረታ የወጡ ባለሥልጣን ናቸው፤ ቤታቸው ሲ.ኤም.ሲ ቢሆንም ለስኳራቸው ብለው ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ላይ ይራመዳሉ። ሽማግሌዎቼ «አስበን እንጠራችኋለን» ተብለው ከተመለሱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ስለዚህ ስልኬ ላይ ስማቸውን ሳይ ደስ ነው ያለኝ... ሞኝ ነኝኮ።

የኋላውን ላስረዳችሁ። እኔ ኮተቤ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ግጥምም እጽፋለሁ። አባቴ ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የመንዝ ቄስ ልጅ ነበረች፤ ሸማኔ አገባሽ ብለው ቤተሰቦቿ ቆርጠው ጣሏት። ለእናቴ ዘመዶች የሸማኔው ልጅ ነኝ፣ ለአባቴ ዘመዶች ደግሞ አማራው።

ያደግሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አባቴ እግሩን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ሲሸምን፣ እናቴ ጥጥ እየፈተለች ከአባቷ የሰማችውን ቅኔ ስታንጎራጉር፣ እኔ መሃላቸው ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። ዛሬም ስንኝ ስመጥን ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የአባቴ መወርወሪያ ድሩ መሃል ሲሄድና ሲመለስ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ሰው ግን ግጥሙን ከእናትህ ወገን ነው የወረስከው ይለኛል። ከአባትህ የሚል አንድም ሰው አልገጠመኝም።

ዓምና ስለ አባቴ ግጥም ጻፍኩ። «ግማሹን ተቀብሮ አሳደገኝ» የምትል ስንኝ አለችበት። ሸማኔ ሲሠራ ከወገቡ በታች ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የላትም። ሳነበው የተቀረጸው ቪዲዮ ሰው እጅ ገባ። ጋሽ ተሾመም አይተውት ኖሮ በማህሌት በኩል ለምሳ ጠሩኝና እንግዶቻቸው ፊት አስነበቡኝ። እውነቴን ነው፣ አለቀሱ።

ከዚያ መሃረባቸውን እያጠፉ ለእንግዶቹ ያብራሩ ጀመር... ጉድጓዱ ድህነታችን ነው፣ ድርና ማጉ አንድነታችን ነው፣ አባትየው ሀገር ነው። እኔም አዎ እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ማረም ነበረብኝ። ግን ሁሉም ሰው እያደነቀኝ ነው፣ ማህሌት በኩራት እያየችኝ ነው... ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

ሽማግሌዎቼ ሄደው «ልጁ የማን ልጅ ነው?» ሲባሉ ግን ከመሃላቸው የእድራችን ሊቀመንበር የአባቴን ሸማኔነት ሳይደብቁ ሁሉንም ተናገሩ።

እንግዲህ ቅዳሜ ፓርኩ ውስጥ ጋሽ ተሾመ ሻይ አዘዙልኝ፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጉልበታቸው ትንሽ አወሩና...

«ልጄ፣ አንተን እወድሃለሁ። ግን እኔ ያንን ነገር ግጥም መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

«የቱን ጋሽ ተሾመ?»

«ሽመናውን።»

እሳቸው በግላቸው ችግር የለባቸውም አሉ። ሙያውን ያከብራሉ። ለበዓልማ ቤተሰቡ በሙሉ የሀገር ልብስ ነው የሚለብሰው! ችግሩ ዘመድ አዝማድ ነው። መላ ግን አግኝተዋል፤ መንዝ ያለው የእናቴ ወንድም ቄስ ስለሆነ የሠርጉ ካርድ በእሱ ስም ይውጣ፣ መድረክ ላይም በአባት ቦታ እሱ ይቀመጥ። ይህን አጎቴን በሕይወቴ ያየሁት አንድ ጊዜ፣ እናቴ ቀብር ላይ ነው። ቤታችን ውኃ እንኳን ሳይቀምስ ነው የተመለሰው።

«አባቴስ የት ይሁን?» አልኳቸው።

«ይምጡ እንጂ። እንደማንኛውም ሰው ይታደማሉ፤ ማን ይከለክላቸዋል?»

ተነስተን ልንለያይ ስንል ትከሻዬን ያዝ አደረጉና «ያቺን ግጥም ግን ሠርጉ ላይ ታነብልናለህ። እንግዶቼ ሁሉ እየጠበቋት ነው» አሉኝ።

እዚህ ላይ ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልነገርኳቸውም። «አስብበታለሁ» ብዬ ጨብጫቸው ነው የወረድኩት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ታክሲ እየጠበቅሁ ለማህሌት ደወልኩላት። አባቷ ያሉኝን ሁሉ ቀድማ ታውቃለች። አባቷ ይህን ያህል መስማማታቸው ራሱ ለእሷ ብለው እንደሆነ ነገረችኝ፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የአንድ ቀን ነገር እኮ ነው፣ ፕሊስ እሺ በለው» አለች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የለመነችኝ እኔን ለማግኘት ነው፣ የምትሸጠው ግን አባቴን ነው። እወዳታለሁ... አሁንም ይህን ስጽፍ እወዳታለሁ።

ቤት ስገባ አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ለማህሌት ቀሚስ የሚሆን ድር ከዘረጋ ሳምንት አልፎታል። ቀና ብሎ አየኝና ጥለቱ በምን ዓይነት ቀለም ይሁንላት ብሎ ጠየቀኝ።

«አባዬ፣ ነገሩ ቀርቷል» አልኩት።

መወርወሪያውን አስቀመጠ።

«በእኔ ነው?»

«አይደለም። እኛው ሳንስማማ ቀርተን ነው» ብዬ ዋሸሁት። ያመነኝ አይመስለኝም። ሁለተኛ አልጠየቀኝም፤ ድሩን ግን አላነሳውም፣ ለሌላ ደንበኛ ይሆናል ብሎ መሸመኑን ቀጠለ። እኔም ውጭ ወጥቼ ለጋሽ ተሾመ ሠርጉም ግጥሙም ቀርቷል ብዬ መልእክት ላክሁ። ጽፌ ለመላክ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

ቪዲዮው ዛሬም ይዘዋወራል። ትናንትም አንድ ሰው ከሥሩ «ምን ዓይነት ጥልቅ ተምሳሌት ነው!» ብሎ ጽፎበታል። ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ... ግን አባቴ ተምሳሌት አይደለም፤ ሸማኔ ነው።