ሰም የጠጣው ጃኬት

ባለፈው ክረምት ልጄ ከጅማ መጣና የዝናብ ጃኬቱን አውልቆ ለእናቱ ሰጣት። «በደንብ ይታጠብልኝ፤ ሲቆሽሽ አያስተነፍስም» አላት። እኔ ክው አልኩ። ይህንኑ ነገር ወጣት ሳለሁ ሰምቼ አላምንም ብዬ ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው። የጫካ ቡና ዘር የሚሰበስብ አንድ ዶክተር ከአዲስ አበባ ቦንጋ መጣ። እኔ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ፤ ማንኪራ ጫካ ውስጥ በገጀራ መንገድ እየመነጠርኩለት ከፊት ከፊቱ እሄዳለሁ። ሲርበን የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ እንበላለን። ውጭ አገር ሲማር የገዛው ሰማያዊ ጃኬት ነበረው። ዝናቡ እንሰት ቅጠል ላይ እንደወደቀ ሁሉ ከላዩ ተንከባሎ ይወርዳል።

ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ሊሄድ ሲል ጃኬቱን በጭቃ እንደተለወሰ ሰጠኝ።

«በሳሙና እጠብልኝ። ጭቃ ከያዘው አይተነፍስም፤ ላብ አያስወጣም። ስመለስ ቋሚ ሠራተኛ እንዲያደርጉህ እጠይቃለሁ።»

ቋሚ! በዚያ ዘመን ቋሚ ደመወዝ ማለት ሚስት ማግባት ማለት ነው። ጃኬቱን ታቅፌ ጎረቤቴ ጋሽ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ። ንብ አናቢ ነው።

«ውኃ የማያስገባ ልብስ በውኃ ይታጠባል?» አልኩት።

«አንተ ጅል! ውኃ የሚከለክለውን መድኃኒት ልታጥብለት ነው? ሰውየው እየፈተነህ ነው። ቋሚ የሚሆን ሰው ዝም ብሎ ይቀጠራል እንዴ?»

እውነት መሰለኝ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ የሚባለው ሌላ፣ የሚፈለገው ሌላ በሆነበት ጊዜ፣ የተነገረውን እንዳለ የሚቀበል ሞኝ ማን ነው? ውኃ መከላከያውን እናጠንክርለት ብለን የጋሽ ወልዴን ሰም አቀለጥን። ከአንገቱ እስከ ጫፉ፣ ከውስጥም ከውጭም፣ ስፌቱን ሳይቀር፣ በጨርቅ እያሸን አጠጣነው። ማር ማር ይሸታል። ኮራሁ።

ዶክተሩ ተመልሶ ለበሰውና ዳገቱን በዶፍ ዝናብ ወጣን። አንዲት ጠብታ አላስገባም። ጫፍ ላይ ደርሶ ሲያወልቀው ግን ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

«ምን አደረግኸው?»

«ሰም ቀባሁት፣ ጌታዬ።»

«እጠበው አልኩህ እኮ!»

«የሚፈትኑኝ መስሎኝ ነው።»

«ለምን ብዬ እፈትንሃለሁ?» አለ፣ ቀስ ብሎ። ጃኬቱን እዚያው ሰጠኝ። ምሕረት ይሁን ስንብት አልገባኝም።

ቋሚውን ቦታ ሌላ ሰው ወሰደው፤ ማንበብና መጻፍ የሚችል ነው አሉ። በንዴት መሠረተ ትምህርት ገባሁና ከልጆች አባቶች ጋር ተደርድሬ ሀ ሁ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ «ፊደል ባለመቁጠሬ ነው ያመለጠኝ» እላለሁ። ዶክተሩንም ስረግመው ኖሬያለሁ።

ልጄ እንቅልፍ ሲወስደው በጃኬቱ አንገት ውስጥ የተሰፋውን የጨርቅ ምልክት ገልብጬ አየሁ። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፤ አላነበብኩትም። ከጽሑፉ በላይ ግን ውኃ የያዘ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ተስሏል። ተነሥቼ ቆጥ ላይ የተወረወረውን የድሮውን ጃኬት አወረድኩ። ሰሙ ጠቁሮ እንደ ቅርፊት ደርቋል። አንገቱ ሥር በጥፍሬ ፋቅሁት።

ያው ገንዳ፣ ከነውኃው።

ይህን ለማየት ፊደል አያስፈልግም ነበር። ምልክቱን ሳይቀር በሰም የደፈንኩት እኔው ነኝ።