ሽማግሌ መላሹ ጉታ

ጉታ ሽማግሌ መመለስ የሚባለውን ነገር ሲጠላ ለጉድ ነበር። ከዓለም ገና አየር ጤና ሚኒባስ የሚነዳ ጎረምሳ ሳለ፣ ጠጅቱን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ አባቷ ኦቦ ደቻሳ «ተመካክረን እንነግራችኋለን» ብለው መለሱበት። ደግሞ ላከ፤ ያው ነው መልሱ። በመጨረሻ እሺ ቢሉም ጉታ ንዴቱ አልበረደለትም። ለመስጠቱ ካልቀሩ ሰው ምን ያመላልሳሉ? እኔ ሴት ልጅ ትኑረኝ እንጂ፣ ሽማግሌ ደጄን ሳይረግጥ ነው እሺ የምለው እያለ፣ ተራ አስከባሪው እስኪሰለቸው ድረስ ሲምል ኖረ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። በጉታ ሁለቱም ደርሰውበታል።

ሴት ልጅ ተወለደችለት፣ ዱርሲቱ አላት። አደገችና ዕዝራ የሚባል የቡራዩ ልጅ ወደደች። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጉታም አንድ እንከን አላወጣለትም። ታዲያ አንድ እሑድ የዕዝራ ሽማግሌዎች ሰበታ ጉታ ቤት መጡና አንቀመጥም ብለው እንደ ወጉ ቆመው ልጅህን ለልጃችን አሉት። ጉታ እሺ ሊል አፉን ከፈተ። ዓይኑ ግን ጓዳ በር ላይ ከቆመችው ዱርሲቱ ጋር ተጋጨ። ያቺ በልጅነቷ ከኋላው ወንበር ላይ ቆማ «አየር ጤና! አየር ጤና!» እያለች ተሳፋሪ ትጠራለት የነበረች ልጅ። ዛሬ እሺ ካለ ነገ የሰው ናት።

«ተመካክረን እንነግራችኋለን» አለ።

አንድ ሳምንት እንኳ ልጁ ሆና ትቆይለት ብሎ ነው፤ ሌላ ክፋት የለውም። ኦቦ ደቻሳም ያን ጊዜ ምን ሆነው እንደነበር አሁን ገባው። ምን ያደርጋል፣ ሰውየው ከሞቱ ቆዩ።

በሳምንቱ እሑድ ኮቱን ለብሶ ጠበቀ። የመጣ የለም። በቀጣዩም ለብሶ በር በሩን ሲያይ ዋለ። አሁንስ በገነ፤ ምን አለ አንዴ ቢመለሱ! የዘንድሮ ሰው ወግ አያውቅም እያለ ጠጅቱን አደረቃት። በመጨረሻ ዱርሲቱ ተናገረች።

«አባዬ፣ እኔኮ አባቴ ሽማግሌ አይመልስም፣ ዕድሜውን ሙሉ የማለ ሰው ነው ብያቸው ነበር። አንተ ስትመልሳቸው ጠልቶን ነው ብለው ቀሩ።»

ጉታ በራሱ ተናደደ፤ በዚያ ድሮ ሚኒባስ ይነዳ በነበረው ለፍላፊ ጎረምሳ ደግሞ ባሰበት።

የሴት አባት ወንድ ቤት ሄዶ ደጅ ሲጠና በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። ቢሆንም ሄደ። ቡራዩ ደርሶ የዕዝራን አባት አቶ እስራኤልን አገኛቸው፤ ተቀመጥ ቢሉት አልቀመጥም አለ።

«ልጄን አልከለከልኩም» አላቸው። «ቶሎ መስጠት ከበደኝ እንጂ።»

አቶ እስራኤል ፊታቸው ምንም ሳይለወጥ፣ ተመካክረን እንነግርሃለን ብለው እስከ በር ሸኙት።

ሰበታ ሲመለስ ጠጅቱ ደጅ ላይ ጠበቀችው። ያሉትን ነገራት።

«እና ምን ማለታቸው ነው? እሺ ነው እምቢ?»

ጉታ ኮቱን ሳያወልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ምኑን አውቄ» አላት። «አባትሽ ሲሉኝም አልገባኝም ነበር።»