ቢስሚላህ የሚያስብል ርቀት

ስዊድን አገር፣ ፊቲያ በምትባል ሰፈር ውስጥ ሰው የሚታማበት ነገር አያጣም፤ ዓወል ግን የታማው ጥይት በመሥራት ነው። አውቶቡስ ነጂ፣ የሐይቅ ልጅ፣ አምስት ወቅት ሰጋጅ ሰውዬ፣ የዕረፍት ቀኑን በአንድ ስዊድናዊ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ቀለሃ ላይ ባሩድ ሲሞላ ይውላል። ፈቃዱን ከፖሊስ አውጥቷል፣ የአደን ፈተናውን አልፏል፣ ጠመንጃውም የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሐሜተኛ ግን ይህን መቼ ይጠይቃል? «በማን ላይ ሊዘምት ነው?» ይላል እንጂ። እኔ ልንገራችሁ፤ የዘመተው ለእናቱ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። እናቱ እትዬ ዘኪያ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሦስት ከወሎ ከመጡ ጀምሮ ሥጋ በአፋቸው አልዞረም። እዚህ አገር በሕጉ ከብቱ መጀመሪያ እንዲደነዝዝ ይደረጋል፣ ከዚያ ነው ቢላዋ የሚያርፍበት። ይህን ማን እንደነገራቸው ባውቅ ኖሮ የምለው ነበረኝ፤ ብቻ ነገራቸው። «ራሱን የሳተ ከብት ነው የምታበሉኝ?» አሉ። ከውጭ አገር በረዶ ሆኖ የሚመጣውን ሐላል ሲያቀርቡላቸው ደግሞ፣ «ይሄ ሲታረድ ማን አየ? ኑራ፣ አንቺ አይተሻል?» አሏት ምራታቸውን። ኑራ አላየችም። በቃ፣ ሽሮ ሆነ። ጠዋት ሽሮ፣ ማታ ሽሮ።

ውሎ አድሮ ቀሚሳቸው ሰፋቸው። የቮርድሴንትራሉ፣ ማለትም የሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ ሐኪም ደምዎ አንሷል ብሎ የብረት ኪኒን አዘዘ፤ ኪኒኑ ሆዳቸውን አደረቀው፣ ተዉት። አንድ ቀን የሜትሮ ባቡር ጣቢያው ደረጃ ላይ ዓይናቸው ጨለመባቸውና ቁጭ አሉ። ዓወል ከሥራ ሲመለስ እዚያው አገኛቸው፤ ሰው በጎን በጎናቸው ያልፋል። ያን ዕለት እናቱ ዓይኑ እያየ እያለቁ መሆኑን አወቀ፤ ክፉኛ ፈራ።

መላውን የመቱት ራሳቸው ናቸው። «አባቴ ድኩላ ገድለው ሲመጡ እንበላ ነበር» አሉ፣ ሳይጠየቁ። «ቃታውን ሲስቡ ቢስሚላህ ይላሉ። እንዲህ ያለ ቢገኝ እበላለሁ።» የመስጊዱ ሸህ ሸኪብም በስልክ ተጠየቁ። ተኳሹ የአላህን ስም ከጠራ፣ ሳይደርስበት ቢሞትም ይበላል፤ ነፍስ ካለው ግን ይረደው አሉ። ዓወል በዕድሜው ወፍ በወንጭፍ መትቶ አያውቅም። ቢሆንም እናት ናት፣ ምን ይደረግ?

ጋራዡ የበርቲል ነው። በርቲል የዓወል የሥራ ባልደረባ የነበረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ፣ የአንድ አዳኝ ቡድን አለቃ ነው። ቀኑን ሙሉ ሁለት ቃል ሳይተነፍስ ይውላል፤ የጥይት ነገር ከተነሣ ግን የሚያቆመው የለም።

«ስድስት ተኩል ሚሊሜትሯን ውሰድ» አለው። «አባቴም በሷ ነበር፣ አያቴም በሷ ነበር። ትከሻ አትመታም፣ ሥጋ አታበላሽም። እዚህ ጫካ ውስጥ ኤልይ ቅርብ ነው የሚመጣው።» ኤልይ ማለት ቁመቱ ከፈረስ የሚበልጥ፣ አፍንጫው የተንዠረገገ የአጋዘን ዘር ነው።

ዓወል ግን ዓይኑ ማግነሟ ላይ ነበር። ማግነም ባሩዷ ብዙ፣ ርግጫዋ የበቅሎ፣ ሩቅ አገር የምትደርስ ጥይት ናት።

«ለምን?» አለ በርቲል።

«ቅርብ ከሆነ እደነግጣለሁ። ሩቅ ከሆነ ቢስሚላህ ለማለት ጊዜ አገኛለሁ።»

በርቲል ከከንፈሩ ሥር የወሸቃትን ትንባሆ በምላሱ አስተካከለ። «በዚህ ምክንያት ጥይት የመረጠ ሰው አላየሁም» አለ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ማግነም ተገዛች። ዓወልም ቀለሃውን ያጸዳል፣ ባሩዱን ይመዝናል፣ አረሩን ይሰካል፣ የመጭመቂያውን እጀታ ሲጫን ቢስሚላህ ይላል። በእያንዳንዷ ጥይት ላይ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። በርቲል መጀመሪያ መጀመሪያ ይደነብር ነበር፤ በኋላ ለምዶት ዓወል ሲዘነጋ፣ «ያቺን አላልክላትም» ብሎ ያስታውሰው ጀመር።

ጥቅምት ደረሰ። ዓወልን ከአንድ ሰፊ ገላጣ ዳር፣ የእንጨት ማማ ላይ አስቀመጡት፤ ዛፉ ተቆርጦ ጉቶ ብቻ የቀረበት ቦታ ነው። ደስ አለው፤ ወዲያ ማዶ ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። ዓይኑን ማዶ ላይ ተክሎ ቢስሚላህን በአፉ ሲያዘጋጅ አረፈደ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ አውሬው ከጀርባው ካለው ጥድ ሥር ብቅ አለ። ትንፋሹ ሲጨስ ይታያል።

«ኧረ እማዬ!» ብሎ ጮኸና ተኮሰ።

አውሬው እዚያው ተዘረረ። ዓወል ቢላዋ ይዞ እስኪወርድ አውሬው ነፍስ የሚባል አልነበረውም። በርቲል እጁን ጨበጠው፤ ማግነሟ ያበላሸችውን የትከሻ ሥጋም አሳየው።

ቤት ሲገባ እናቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ብለሃል?»

ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ከጥዱ በቀር ማን ሰማው? አፉን ከፈተ፣ ውሸቱ አልወጣ አለው።

«እማዬ ነው ያልኩት።»

«እኔን?»

«አንቺን።»

«በኔ ስም ገድለህ እኔን ልታበላ? አዑዙ ቢላህ!»

«ጥይቷ ላይ እኮ ብያለሁ፤ ስሠራት። እያንዳንዷ ላይ።»

«እኔ ጥይት አልበላም» አሉ እትዬ ዘኪያ።

ሸህ ሸኪብ እንደገና ተደወለላቸው። ረስቶ ከሆነ ይታለፍለታል፣ ይበላል አሉ። «እሳቸው ይብሉት፣ ይስማማቸው» አሉ እትዬ ዘኪያ፣ ሽሯቸውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ። ሥጋውን ቤተሰቡና ጎረቤቱ በላው። ፊቲያ ውስጥ ዓወልን ሲያማ የከረመ ሁሉ ድርሻውን ወስዶ፣ እያማ በላ።

ክረምቱ ክፉ ነበር። ዓወል እናቱን ደግፎ ሲያስነሣ የሚከብደው ጋቢያቸው ነበር። አውቶቡሱን እየነዳ፣ ያን አንድ ቃል እየደጋገመ ያለቅሳል፤ የዓመት ሥራ በአንድ ጩኸት ገደል ገባ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?

መጸው ሲመለስ በርቲል የገዛ ጠመንጃውን፣ ስድስት ተኩሏን፣ ላውስህ አለው። ዓወል እምቢ አለ፤ ቢስሚላህ የተባለበት ጥይት አይጣልም ብሎ። አይ ዓወል! ቅርብ መጥቶ ጉድ እንዳደረገው እያወቀ!

እትዬ ዘኪያ ይህን ሰምተው፣ «እኔም እሄዳለሁ» አሉ።

«የት?»

«ጫካ። አንተ ትረሳለህ፣ እኔ አስታውስሃለሁ።»

የዓወል ልጅ ማሂራ፣ ፋርሙር፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ እንዴት ጫካ ትሄዳለች ብላ በስዊድንኛ ተቆጣች። አያቷ ስዊድንኛ አይሰሙም፤ ለነገሩ ጆሯቸው ስለከበደ አማርኛውም በግድ ነው። በርቲል ሲጠየቅ አዳኝ የሚደፋውን ብርቱካንማ ቆብ አመጣላቸው። ከሻሻቸው በላይ ደፉት። እሱ ከታች መሰላሉን ያዘ፣ ዓወል ከላይ እጃቸውን ሳበ፣ ማማው ላይ ወጡ።

ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ እንደ ድንጋይ ጸጥ ብለው ተቀመጡ። በኋላ ውሻ ከሩቅ ጮኸ። ቅርንጫፍ ተሰበረ። አውሬው አምና የወጣበት ጥድ ሥር፣ ያው እዚያው፣ ቆመ። ዓወል ደረቀ። ጠመንጃው እጁ ላይ ነው፣ አፉ ግን ባዶ ሆነ።

«ቢስሚላህ በል እንጂ!»

ጆሮ የከበደው ሰው ሹክሹክታ ነው። እሳቸው በቀስታ የተናገሩ መስሏቸው ነበር፤ ድምፃቸው ግን ከአንዱ ተራራ ሌላው ተራራ ላይ ያለ ሰው እንደሚጠራ ነው። አውሬው ዘለለ፣ ጉቶውን እየረጋገጠ ገላጣውን አቋረጠ። በሬዲዮው የበርቲል ድምፅ፣ «ማነው የተጎዳው?» አለ።

ማዶ፣ የገላጣው መጨረሻ ላይ፣ አውሬው ቆመ። ጎኑን ሰጥቶ ዞሮ አየ፤ ማን ነው እንዲህ የሚጮኸው ለማለት ሳይሆን አይቀርም። ሩቅ ነው፤ በጠመንጃው መነጽር እንኳ የፍየል ያህል ነው የሚታየው። ዓወል ግን አሁን ገና ሰው ሆነ። ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ጠመንጃውን የማማው አግዳሚ ላይ አስደገፈ።

«ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» አለ፣ ሳይቸኩል፣ እናቱ እስኪሰሙት። ከዚያ ተኮሰ።

አውሬው ተንበረከከ፣ ወደቀ። «ቢላዋህን ይዘህ ሩጥ!» አሉ እትዬ ዘኪያ። በጉቶው መሃል እየወደቀ እየተነሣ ሮጠ። ሲደርስ አልቆለት ነበር፤ ይሁን፣ ስሙ ተጠርቶበታል።

በርቲል በኋላ መጥቶ ከወደቀበት እስከ ማማው በዓይኑ ለካ። «በስድስት ተኩሏ ብሆን አልተኩስም ነበር» አለ። ከሱ አፍ ይህ ትልቅ ንግግር ነው።

ከአዳኞቹ ማረጃ ቤት ደጅ እሳት ነደደ። ጉበቱ ተጠበሰ፤ ኑራ የሰጠችው በርበሬ ነበር። እትዬ ዘኪያ ብርቱካንማ ቆባቸውን እንደደፉ ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፣ ቢስሚላህ አሉ፣ ጎረሱ። ቀስ ብለው አላመጡ። ዓወል ማየት አልቻለም፤ ከቤቱ ጀርባ ሄዶ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ፊቱን ጠርጎ ሲመለስ በርቲል፣ «እንዴት ነው በላቸው?» አለው።

«ከወሎ በግ አይደርስም» አሉ እናቱ፣ ሲነገራቸው። «ጨውም ያንሰዋል።» ከዚያ ባዶውን ሳህን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። «ጨምርልኝ።»