ኩቡን ያስረዱልኝ ሰው

ከኮኪት ወደ መተማ ዮሐንስ ስንሄድ ኬላ ላይ አስቆሙን። መኪና አጥቼ በትራክተራቸው ያሳፈሩኝ ሽማግሌ ከእኔ ጋር ታሰሩ። የእኔ ጥፋት ስልኬ ውስጥ የተገኘ ሥዕል ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው፣ ሶዲየምና ፌኖል ሲጣመሩ የሚሠሩት ኩብ። የእሳቸው ጥፋት እኔን ማሳፈራቸው ብቻ ነበር።

ያስገቡን አሮጌ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ገና በጠዋቱ ይፋጃል፤ ላብና የሰሊጥ ሽታ ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይይዛል። ሽማግሌው አላማረሩም።

«ሰሊጤ ታጭዶ ቆሟል፤ ሰሞኑን ካልተራገፈ መሬት ላይ መቅረቱ ነው» አሉ።

የዓመት ልፋታቸው መሆኑ ገባኝና ዓይናቸውን ማየት አፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው እኔን ብቻ አስጠራኝ። አይጮህም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

«ሶዲየም ውሃ ሲነካው እንደሚፈነዳ እኔም ተምሬያለሁ። ይሄ ምን ማፈንጃ ነው?»

«ብቻውን ሲሆን ነው የሚፈነዳው። ከፌኖል ጋር ከተጣመረ ሌላ ነገር ነው» አልኩት።

ፈገግ አለ። «ትምህርት ከሆነ ለሽማግሌው አስረዳቸው። ከምሳ በኋላ እሳቸው ይነግሩኛል። ካልቻሉ ሁለታችሁም ትዛወራላችሁ።»

ወዴት እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ተመልሼ መጋዘኑ ወለል ላይ፣ አቧራው ላይ በጣቴ ሣልኩላቸው። «አንዱ ሶዲየም ፌኖሉ ውስጥ ካለው ኦክስጅን ሦስት ይይዛል፤ አንዱም ኦክስጅን በሦስት ሶዲየም ይያዛል። አራት ሶዲየምና አራት ኦክስጅን ሲገናኙ ስምንት ማዕዘን ያለው ኩብ ይሠራሉ። በሶዲየም ፋንታ ፖታሲየም ከሆነ ግን ይለያል።»

«እንደ ሰሊጥ ነዶ ነው በለኛ! አንዱን ለብቻው ብታቆመው ይወድቃል፤ አደጋግፈህ ነው እንጂ።»

«እሱን ነው፣ ጋሼ!»

«ፖታሲየም ያልኸውስ?»

«እሱ ገላው ሰፊ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ጎረቤት ያስጠጋል።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የፍንዳታውንስ ነገር ልንገረው?»

«እውነቱን ይንገሩት» አልኩ።

ከምሳ በኋላ ሁለታችንንም ጠሩን። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነገሩት። መሀል ላይ ኦክስጅን የሚለው ስም ጠፋባቸው። «ያ... ጎረቤቱ» ብለው ቀጠሉ።

«ይፈነዳል?» አለ መርማሪው።

«ብቻውን ይፈነዳል ብሎኛል። ተደጋግፎ ከቆመ በኋላ ግን እንደዚያ አይደለም።»

መርማሪው ስልኬ ላይ ያለውን ሥዕል እንደገና አየ። ከዚያ አንድ ወረቀት ወደ እሳቸው ገፋ። «እርስዎ ይሂዱ። ይህን ሰው እንደማያውቁት ብቻ ይፈርሙ።»

እውነትም አያውቁኝም፤ ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም ነበር። ይፈርሙ ብዬ በዓይኔ ለመንኳቸው።

እስክሪብቶውን ቀስ አድርገው መለሱለት።

«ትላንት ቢሆን እፈርም ነበር፣ ልጄ። ዛሬ አስተምሮኛል። እንዴት ብዬ አላውቀውም እላለሁ?»

አብረን ወደ መጋዘኑ ተመለስን። ከብዙ ቀናት በኋላ ያለ ክስ ሲለቁን ሰሊጣቸው ረግፎ አልቆ ነበር። ስለ እሱ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ዛሬም ያንኑ ኩብ አስተምራለሁ። ክፍሉን ጨርሼ ስወጣ አንዳንዴ አስበዋለሁ፤ ወረቀቱ ለእኔ ተሰጥቶኝ ቢሆን፣ ፈርሜ የምሄድ ይመስለኛል።