የአባቴ ግራ ጆሮ

ልጅ ሳለሁ አባቴን የማናግራቸው ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ሆኜ ነበር። ቁንዝላ አጠገብ፣ ከጣና ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነበሩ፤ ዜማ ያስተምራሉ። ግራ ጆሯቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ ይፈሳል። ከጥምጣማቸው ሥር ጥጥ አይጠፋም፤ በግራቸው ያለፈ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። እናቴ የጤና አዳም ጭማቂ ጠብ ታደርግላቸው ነበር። ሲብስ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ይመጣል፤ ለወር ያህል ይደርቅና ደግሞ ይጀምራል። ከመልመዳችን ብዛት ማናችንም እንደ በሽታ አንቆጥረውም ነበር።

ድምፃቸው ግን ምንም አልጎደለበትም። ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ ጸጥ ባለ ጠዋት ውኃ ልቀዳ ስወርድ፣ ከግቢው ተነሥቶ በውኃው ላይ ሲሄድ እሰማው ነበር። በታንኳ የሚያልፉ ዓሣ አጥማጆች መቅዘፋቸውን ትተው ሲያዳምጡ አይቻለሁ። ዛሬ ባሕር ዳር፣ ባጃጅ በሚንጫጫበት ዘንዘልማ ሰፈር፣ ቤቴ ተቀምጬ ከልጅነቴ ሁሉ አብልጬ የምናፍቀው ያን ድምፅ ነው።

ተምሬ ባሕር ዳር የባዮሎጂ መምህር ሆንሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ብቻቸውን ቀሩ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ረፋድ ላይ ከተማሪዎቻቸው አንዱ ደወለልኝ።

«መሪጌታ ሲያዜሙ አዙሯቸው ወደቁ» አለኝ። «አሁን ተነሥተዋል፤ ግን መቆም አልቻሉም።»

በማግስቱ ሄጄ ባሕር ዳር ሆስፒታል አመጣኋቸው። የጆሮ ሐኪሙ በማጉያ መሣሪያው ረጅም ጊዜ አያቸው፤ ራጅም አስነሣቸው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ቀኛቸው አዙሮ ተቀመጠ።

«መሪጌታ፣ ይህ ኮሌስቴያቶማ ይባላል» አላቸው። «ካንሰር አይደለም፤ ቆዳ ነው።»

«በጆሮዬ ውስጥ ቆዳ ምን ይሠራል?»

«የጆሮዎ ታምቡር ወደ ውስጥ ተስቦ ኪስ ሠርቷል። ቆዳ ደግሞ ሁልጊዜ ይባዛል፣ ይረግፋል። ከላይ ቢሆን ታጥቦ ይሄድ ነበር፤ እዚያ ግን መውጫ ስለሌለው እየተከማቸ አጥንቱን በላው። ያዞረዎት ወደ ሚዛን መጠበቂያው ስለደረሰ ነው። ከተተወ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።»

«ታዲያ ከወጣ እሰማበታለሁ?»

ሐኪሙ አልዋሻቸውም። «እንደ ድሮው አይሆንም። ምናልባት ያችው ያለችው ትንሽ መስማትም ትሄድ ይሆናል።»

አባቴ ተነሡ። «አምሳ ዓመት አብሮኝ ኖሯል፤ አብሮኝ ይቀበራል» ብለው ወጡ።

ያን ሳምንት እኔ ቤት ሰነበቱ። ብለምናቸውም አልሰማ አሉኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ። ገጹ ላይ የቆዳ ሕዋሳት ሥዕል ነበር።

«ያ ሐኪም ይባዛል ያለው ይኸን ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ። አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት።»

«መቼ ነው የሚበቃቸው?»

ለስንት ዓመት ያስተማርሁት ነገር ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ቃል መርጬ አላውቅም። ሰውነት ሲቆስል ተባዙ የሚል መልእክት እንደሚደርሳቸው፣ ቁስሉ ሲሞላና ከጎረቤታቸው ጋር ሲገጥሙ ደግሞ በቃችሁ እንደሚባሉ ነገርኋቸው። የእርሳቸው ጆሮ ግን መመርቀዙን ስላላቆመ፣ ተባዙ የሚለውም መልእክት አላቋረጠም።

«በቃችሁ ሲባሉ አይሰሙም ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው።»

«እንግዲህ እነሱም እንደኔ ደንቁረዋላ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን እንባዬ መጣ። በማጉያ ያየሁትን ሁሉ ለተማሪዎቼ እያስተማርሁ፣ የአባቴን ጆሮ አንድ ቀን እንኳ ቀርቤ አላየሁም ነበር። ሽታው ሲመጣ ትንፋሼን እይዝ ነበር እንጂ።

ይህንኑ ነገርኋቸው።

«እኔስ መች አሳየሁሽ?» አሉ። ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «በይ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ያውጣልኝ» አሉኝ።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥሁ። ሐኪሙ ሲወጣ በትንሽ ብልቃጥ ለምርመራ የሚልከውን አሳየኝ፤ ነጭ፣ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ነገር ነበር። ከሦስቱ ትንንሽ የመስሚያ አጥንቶች ሁለቱ ተበልተው ጠፍተዋል። የፊታቸው ነርቭ ግን ለጥቂት ተርፏል። በግራ ጆሯቸው ከዚያ ወዲህ ምንም አልሰሙም፤ ማዞሩም መፍሰሱም ግን ቆመ። ዓመት ሲሆነው ለክትትል ስንሄድ ሐኪሙ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሌላ ነጭ ነገር አገኘና አወጣት። ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ክትትል እንዳያቋርጡ መከራቸው።

አባቴ ወደ ቁንዝላ ተመልሰው ያስተምራሉ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ «ጆሮህ ይፈሳል?» ብለው ይጠይቁታል። አዎ ካለ ሳያስተምሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሰዱታል፤ «ዜማው የትም አይሄድም፣ ታክመህ ና» ይሉታል።

ባለፈው ለክትትል መጥተው ሐኪሙ ንጹሕ ነው ካላቸው በኋላ ሐይቁ ዳር ወስጄ ዓሣ ጋበዝኋቸው። የልጅነቴን ዜማ ትንሽ እንዲያሰሙኝ ጠየቅኋቸው። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ድምፃቸው ምን ያህል እንደሚወጣ ስለማይታወቃቸው ዝቅ አድርገው ነው የሚያዜሙት። ያ የድሮው ድምፅ አልነበረም፤ ከጎናችን ያሉት ሰዎች እንኳ ዞር ብለው አላዩም። እኔ ግን ወደ እሳቸው ጠጋ ብዬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ሲጨርሱ እጃቸውን ታጠቡና፣ «በይ ተነሺ፤ የቁንዝላው መኪና ሳይሞላ እንድረስ» አሉኝ።